የተደፈነው ጅራት

የአናጺው ሀምዱ ሚስት ነኝ፣ ስሜ ነኢማ። ዓለም ባንክ ዋናው መንገድ ዳር ያለው እንጨት ቤት የኛ ነው። እሱ ይቆርጣል፣ ያጋጥማል፤ እኔ ቀለም እቀባለሁ፣ ከደንበኛ ጋር የሚጨቃጨቅ ሰው ሲያስፈልግም እጨቃጨቃለሁ። ሰፈርተኛው ነገረኛ ይለኛል፣ ይበል። እኔ አንድ ነገር ካልገባኝ እህል አይወርድልኝም። እጠይቃለሁ፣ ካልገባኝ ደግሜ እጠይቃለሁ፣ መላሹ እስኪሰለቸው ድረስ አልለቀውም።

ስለ ባሌ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ሀምዱ ያለ ምርቃት ሥራ አስረክቦ አያውቅም። ሽንኩርት ሻጯ መዝና ስትጨርስ ሁለት ራስ ጣል እንደምታደርገው ማለት ነው። የወንበር እግር ጠግንልኝ ብለህ ብትሰጠው መደገፊያውንም አጥብቆ ይመልስልሃል። መሳቢያው አልከፈት ብሎ የመጣ ቁም ሳጥን ከኛ ቤት ሲወጣ በሩም ተስተካክሎ፣ የተላጠውም ተቀብቶ ነው። ማንም አልጠየቀውም። የተጠየቀውን ብቻ ሠርቶ መስጠት ለሱ ንፉግነት ነው። በዚህ ነገር ስንት ጊዜ ተጣልተናል፣ ወላሂ። እሱ ግን ባለቤቱ ዕቃውን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ያላሰበውን ነገር ሲያገኝ ፊቱ ላይ የምትመጣዋን ፈገግታ ይወዳታል። ለሷ ሲል ነው የሚለፋው።

ባለፈው ነሐሴ አንድ ቅዳሜ፣ የአልማዜ ልጅ ሄቨን ረጅም ነገር በብርድ ልብስ ጠቅልላ መጣች። አልማዜ ቤቴል ሰፈር ፀጉር ቤት አላት፣ የልብ ጓደኛዬ ናት። ባሏ አምላኩ ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን የሚባል የባሕር ከተማ ሱቅ ከፍቶ ስለነበር እሷም ተከትላው ሄዳ ብዙ ዓመት እዚያ ኖረዋል። ሄቨን ያደገችው እዚያ ነው። አምላኩ ታሞ ሲሞት አልማዜ እዚያው ቀበረችውና ልጇን ይዛ አገሯ ገባች። ከዚያ ወዲህ ሄቨን እናቷ ፀጉር ቤት የሰው ራስ ታጥባለች። የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት፣ ሥርዓት ያላት፣ ሳቂታ። ግን ስታዋሪያት ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነው። ባሕር ዳር ያደገ ሰው የሚያገኘው ውሃ የመታጠቢያው ገንዳ ውስጥ ያለው ብቻ ሲሆን ምን ይሁን?

ብርድ ልብሱ ሲገለጥ ሳንቃ ነው። ነጭ፣ ቁመቱ ከሰው የሚስተካከል፣ ፊቱ ሾል ያለ፣ ሆዱ ሰፊ፣ ከሥሩ እንደ ዓሣ ክንፍ ያሉ ነገሮች የተተከሉበት። ውስጡ ዕቃ ማሸጊያ የሚመስል ቀላል ነጭ አረፋ ነው፣ ላዩ ፋይበር። ማዕበል ላይ ቆመው የሚሄዱበት ነው አለችን። እኔ በቴሌቪዥን አይቻለሁ። ሀምዱ ግን ሰው ውሃ ላይ ቆሞ ይሄዳል ሲባል ሳቁን መያዝ አልቻለም። ሳንቃውን የገዛላት አባቷ ነው፤ ወደዚህ ሲመጡ ጭነት ላይ ፊቱ አካባቢ ተሰንጥቆባታል። ስንጥቁን ጠግኑልኝ አለች።

ለምን ዛሬ እንዳስታወሰችው ጠየቅኳት፣ መቼም እኔ ነኝ። ለካ ኬንያ፣ ሞምባሳ አካባቢ ያለ አንድ የባሕር ዳር ሆቴል፣ እንግዶቹን በሳንቃ ማዕበል ላይ መሄድ የሚያስተምር ሰው ይፈልጋል። በስልክ አነጋግረዋታል፣ የድሮ ቪዲዮዎቿንም አይተዋል። የቀረው እዚያው ሄዳ በገዛ ሳንቃዋ መፈተን ነው። ቦታው አንድ ነው፣ ተፈታኙ ብዙ። ዓርብ ትበራለች፣ ቅዳሜ ውሃ ትገባለች። ካለፈች እዚያው ትቀራለች፣ ከወደቀች ተመልሳ ራስ ታጥባለች። ይህን ስትነግረኝ ድምጿ ረጋ ያለ ነበር፤ እጇ ግን ሳንቃውን አልለቀቀም።

ሀምዱ ያኑ ቀን ስንጥቁን ይገዙ ጋ ወስዶ በፋይበር አስጠገነው፤ ፀሐይ ስለነበር ቶሎ ደረቀ። ይገዙ ጦር ኃይሎች አካባቢ የተሰባበረ የታክሲ መከላከያ በፋይበርና ሬዚን በሚባል ፈሳሽ ሙጫ እየቀጠለ የሚሠራ ሰው ነው፤ ከባሌ ጋር የቆየ ጓደኝነት አላቸው። ሳንቃው ተመልሶ ከመጣ በኋላ ነው ነገር የመጣው። ጅራቱ መሃል ለመሃል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ እንደ ሹካ ሁለት ጫፍ ሆኗል። እኔም ያው የተሸረፈ ነው የመሰለኝ። ሀምዱ ዝም ብሎ ሊያልፈው? ቀላል እንጨት ልክ አድርጎ ጠርቦ ክፍተቱን በኮላ ሞላው። ሁለቱ ጫፎች ደግሞ ሰው ይወጋሉ ብሎ ላጋቸው። ጅራቱ የማንኪያ አፍ መስሎ ክብ አለ። በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፣ ነጩን ቀለም ደግሞ እኔ ቀባሁበት። አምሮ ነበር፣ ምን ያደርጋል።

ሰኞ ሄቨን መጣች። ሀምዱ እጁን በሽርጡ እየጠረገ ቆሞ ያቺን ፈገግታ ይጠብቃል። ስንጥቁ የነበረበትን ዳሰሰች፣ ደስ አላት። ሳንቃውን ገለበጠችው። ከዚያ ጅራቱ ላይ ስትደርስ ክው አለች።

“ጋሽ ሀምዱ፣ እዚህ ጋ የነበረው ክፍተት የታለ?”

“ደፈንኩልሽ። ምርቃት ነው።”

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ገና ያልተቀባ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ጅራቱን በሁለት እጇ ያዘች። ሀምዱ ነገሩ ስላልገባው ተናደደ። እጄ አመድ አፋሽ ነው ብሎ እየተነጫነጨ ወደ ውስጥ ገባና መጋዙን አስጮኸው። እኔን ግን ነገሩ ከነከነኝ። ከኋላ ያለ ጭራ ምን ያመጣል? ውሃውን የሚቀድመው ፊቱ አይደል እንዴ? አጠገቧ ተቀምጬ ልክ እንደዚህ ብዬ ጠየቅኳት።

“እትዬ ነኢማ፣ ፊቱ ውሃውን ያገኘዋል እንጂ አይመራውም” አለችኝ። “ውሃው ከሥር ያልፍና ሳንቃውን የሚለቀው በጅራቱ ነው። እንዴት አድርጎ እንደሚለቀው ነው አካሄዱን የሚወስነው።”

እርሳስ ከጆሮዬ ላይ ወሰደችና በጣውላ ቁራጭ ላይ ትሥልልኝ ጀመር። ወሬዋ ጣመኝ፤ ምሳ እንኳ ረሳሁ። ጅራቱ ሾሎ የሚያልቀው ሳንቃ ለትልቅ፣ ቀጥ ብሎ ለሚወርድ ማዕበል ነው፤ ውሃውን ነክሶ ይይዛል፣ አያንሸራትትም፣ ግን ቶሎ ዙር ብትይው አይሰማም። ቀጥ ተደርጎ የተቆረጠው ደግሞ ውሃው ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ ቆርጦ ስለሚለቀው እንደ ልብ ይዞራል፤ አጥብቀሽ ካዞርሽው ግን ከእግር ሥር ሾልኮ ይሄዳል። ክቡስ አልኳት፣ እኛ ያበላሸነው? ክብ መጥፎ አይደለም አለች፣ ለኛ አዝና መሰለኝ። ለስለስ ብሎ፣ ሰፋ አድርጎ ይዞራል። ችግሩ ጅራቱ ሲጠብ ደካማ ማዕበል ይዞት መሄድ ያቅተዋል። እዚያ ሆቴሉ ጋ ደግሞ ማዕበሉ ከሩቅ ድንጋይ ላይ ተሰብሮ፣ ጉልበቱን ጨርሶ ነው የሚመጣው። የሷ ሹካ ጅራት ለዚያ የተሠራ ነው፤ ሰፊ ስለሆነ ደካማውም ውሃ ያነሣዋል፣ ወደ ጎን ስታጋድል ደግሞ አንደኛው ጫፍ ውሃ ውስጥ ገብቶ ይይዝላታል። አንድ ሳንቃ ላይ ሁለት ጠባይ አለ ማለት ነው። እኔ ይሄን ስሰማ ጉድ ነው አልኩ።

ሀምዱ ከውስጥ ጆሮውን አቁሞ ኖሯል፤ ወጣና ወሬ ነው አለ። የአንድ መዳፍ ቁራጭ እንጨት ይሄን ሁሉ ሊያደርግ አይችልም አለ። ትንሽ ቆይቶ ከተረፈ ጣውላ ላይ ክንድ ክንድ የሚያህሉ ትንንሽ ሳንቃዎች ቆርጦ መጣ። ሁሉም ፊታቸው አንድ ነው፣ ጅራታቸው ግን ሄቨን በሣለችው መሠረት የተለያየ። ግቢያችን ውስጥ የዝናብ ውሃ የምናጠራቅምበት አሮጌ ባኞ አለ። እዚያ ላይ አንድ በአንድ በክር ሳባቸው። ሁሉም ያው ናቸው፣ ምንም ልዩነት የለም። ሀምዱ አላልኳችሁም ወይ ብሎ ደረቱን ነፋ።

ሄቨን ግን ውሃው ራሱ መሄድ አለበት አለች፣ የቆመ ውሃ ምንም አይናገርም። ደግሞ ሰው ሲቆምበት ስለሚያጋድል በአንድ ጎናቸው ክብደት ይደረግባቸው አለች። ሀምዱ በየሳንቃው ቀኝ ጎን ብሎን መታበት። ነሐሴ አይደለም? ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ተቀደደ። ከሱቃችን ፊት ለፊት ያለው ቦይ በቡናማ ውሃ ሞልቶ ቁልቁል ይምዘገዘግ ጀመር። እኛም ጃንጥላ ይዘን ወጣን። ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እኛን ያያል። አንዱ ዓሣ ያዘልዎት ወይ ጋሼ ብሎ አሾፈ፤ ሀምዱ አልሰማውም።

ክሩን ከላይ ይዞ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ የተቆረጠውን ለቀቀው። ጥሩ ሄደ፣ ሄደ፣ ከዚያ ኋላው ሳይታሰብ ተንሸራተተና ጎኑን ለውሃው ሰጠ። ሾጣጣው ደግሞ መስመሩን አልለቅ አለ። ብሎኑ ቢጎትተውም እንደ ሀምዱ ግትር ብሎ፣ ጅራቱን ትንሽ አስምጦ፣ ወደፊት ብቻ። ክቡ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ሄደ፣ ዙሩ ቦዩን ሊጨርሰው ደረሰ። ሹካው ውሃው ላይ ከፍ ብሎ ተቀመጠ። ብሎኑ ወዳለበት ሲያጋድል አንዱ ጫፍ ገብቶ ነከሰና ሳንቃው ቦዩን በሰያፍ አቋርጦ ማዶ ደረሰ፤ ክሩን ሳብ ሲያደርጉት ተመለሰ። ክሩን ነጥቄ እኔም ሞከርኩ። ክሩ ጣቴ ላይ ይናገራል፤ እያንዳንዱ ሌላ ዓይነት ይጎትታል። ጫማዬ ውስጥ ውሃ ገብቶ እግሬ ሲንቦጫረቅ እንኳ አልታወቀኝም። እንደዚያ ቀን ደስ ያለኝ መቼ እንደሆነ እኔ አላውቅም።

ሄቨን ቦይ ባሕር አይደለም እያለች ነበር፤ የሚቆምበት ሰው አለ፣ ከሥር ያሉት ክንፎች አሉ፣ ውፍረቱ አለ፣ ጅራት ብቻውን አይደለም። ሀምዱ ግን ዓይኑ አይቷል። ዝናቡ በአናቱ እየወረደ ሹካዋን ደጋግሞ ለቀቃት። በመጨረሻ ክሩን ጠቀለለና፣ እኔ የዚህችን ልጅ እግር ነው የቆረጥኩት አለ። እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም።

ችግሩ መመለሱ ነው። ጫፎቹ ተልገዋል። ክቡን መሃል ለመሃል ቢቆርጠው የሚወጣው ጠባብ፣ የልጅ መጫወቻ የሚመስል ሹካ ነው። የሞላውን እንጨት በሙሉ አውጥቶ፣ በሁለቱም ጎን አዲስ እንጨት ቀጥሎ ስፋቱን መልሶ፣ ከዚያ ክፍተቱን ቆርጦ፣ ይገዙ ደግሞ በላዩ ፋይበርና ሬዚን መጠቅለል አለበት። ይገዙን በስልክ ጠየቅነው። ሥራው ችግር የለውም፣ ችግሩ ፀሐይ ነው አለ። በነሐሴ ብርድ ሬዚኑ ሳይደርቅ እስከ እሑድ ሊቆይ ይችላል፤ የማድረቂያው ኬሚካል ይብዛበት ቢባል ደግሞ ይግልና ውስጡን አረፋ ያቀልጠዋል። ሀምዱ ይህን ሰምቶ ወዲያው ጀመረ።

ማክሰኞ ጠዋት አልማዜ መጣች። ሰላም ብላኝ፣ ሀምዱ ጎንበስ ብሎ የሚሠራውን አይታ፣ እጄን ይዛ ወደ ውጭ ወሰደችኝ። ተዉት አለችኝ። ጅራቱ እንዳለ ይቅር፣ ወይም ሥራውን አዘግዩት፣ ዓርብ ይለፍ እንጂ ሌላ ነገር አልልሽም አለች። አምላኩ ሳንቃውን የገዛ ቀን ተጣልተው እንደነበር ነገረችኝ። ልጅቷ ውሃ ውስጥ በሆነች ቁጥር እሷ ሱቁ ውስጥ ቆማ ባሕሩን ሳታይ ባሕሩን ስትጠብቅ ነው የኖረችው።

“ባሌን እዚያ ትቼ መጣሁ” አለችኝ። “እሷን ደግሞ ልስጥ? የደፈነው እግዚአብሔር ነው፣ ነኢማ። እናንተ አትክፈቱት።”

መጀመሪያ ደሜ ፈላ። ልጅቷ እዚህ ቀን በቀን ስትደርቅ አታዪም ወይ ልላት ነበር። ከዚያ ፊቷን ሳየው አንጀቴን በላችኝ። ሌሊቱን ጥሎ ስለነበር ቦዩ ይሄዳል። ሳላስበው ትንሿን ሹካ አንሥቼ ክሯን እጇ ላይ አስያዝኳት። የሄቨን ጅራት እንዲህ ያለ ነው፣ እስቲ ያዢው አልኳት።

አልማዜ ክሩን አሳጥራ ጨምድዳ ያዘችው። የሳንቃው ፊት ወደ ላይ ተነሣ፣ ጅራቱ ሰጠመ፣ ውሃው ገልብጦ ጣለው። አወጣችና መልሳ ለቀቀችው፣ መልሶ ተገለበጠ። ክሩን ልቀቂለት እንጂ አልኳት። ትንሽ ለቀቀችለት፣ ከዚያ ትንሽ ጨመረችለት። ሳንቃዋ ውሃው ላይ ተደላደለች፣ አጋደለች፣ ቦዩን አቋርጣ ሄደችና በክሩ መጨረሻ ላይ ሆና ወዲያና ወዲህ ትል ጀመር። አልማዜ ብዙ ጊዜ ዓይኗን ሳታነሣ አየቻት።

“ለምንድን ነው ሁለት ጫፍ ያለው?”

የተማርኩትን በሙሉ ነገርኳት፣ ትንሽም ጉራ ነበረበት። ስፋቱ ደካማውን ውሃ እንዲጠቀም ነው፣ ጫፉ ደግሞ ስታጋድል እንዲይዝላት።

“ይይዝላታል?”

ሄቨን ይይዛል ትላለች አልኳት። ከዚህ ሌላ ምን ልበላት፣ ባሕር አይቼ አላውቅ። ክሩን መለሰችልኝና በመጣው ታክሲ ገብታ ወደ ቤቴል ሄደች። ቻዎም አላለችኝ። ለሀምዱ ምን እንዳለችኝ አልነገርኩትም። ቀጥል ብቻ አልኩት።

ሀምዱ ያን ቀንና በማግስቱ ሌላ ሥራ አልነካም። ሄቨን በስልኳ ካስቀመጠችው ፎቶ ላይ እየለካ ጎኖቹን ቀጠለ፣ ክፍተቱን ቆረጠ። ሲቆርጥ አየሁት፤ መስመሩን ደጋግሞ ለክቶ ነው መጋዙን ያስነካው። ዕድሜውን ሙሉ ሲደፍን ኖረ እንጂ ደህና ነገር ሲሸነቁር ለመጀመሪያ ጊዜው ነው። ረቡዕ ይገዙ መጥቶ ጠቀለለው። ሐሙስ ጠዋት ጣቴን ሳስነካው ሬዚኑ እንደ ማር ተጣበቀብኝ። ሰማዩ ጥቁር ነው። ሄቨን መጣች፣ እሷም ነካችው። ግድ የለም አለች፣ እዚያ ሄጄ ያገኘሁትን ተውሼ እሞክራለሁ። የራሷ ሳንቃ ሳትይዝ ብትሄድ እንደማያስገቧት ሁላችንም እናውቃለን። ትኬቷን ጨርሳ እንደምትመጣ ነግራን ወጣች፤ ሀምዱ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

ከዚያ በሩ ላይ ባጃጅ ቆመ። አልማዜ ናት፣ የፀጉር ቤቱን ሽርጥ እንዳደረገች፤ ሬዚኑ አለመድረቁን ከልጇ ሰምታ ኖሯል።

“ስጡኝ” አለች።

ምን እንደምታደርገው ሳይገባን ሀምዱና ሬዚኑን ሊያይ የመጣው ይገዙ ተሸክመው ባጃጁ ላይ ጫኑት፣ ግማሹ ወደ ውጭ ወጥቶ። እኔም ገባሁ፤ ነገር ሊያመልጠኝ ነው? ወንዶቹ በታክሲ ተከተሉን። ፀጉር ቤቱ ስንደርስ ወንበሮቹን ጎን ለጎን አስጠጋች፣ ሳንቃውን አጋደመችበት። ከዚያ ካስኩን፣ ሴቶች ፀጉራቸው ተጠቅልሎ የሚገቡበትን ትልቁን ማድረቂያ፣ ጎትታ ጅራቱ ላይ ደፋችው። ይገዙ ሙቀቱ ከበዛ አረፋው ይቀልጣል ብሎ ጮኸ። አውቃለሁ አለችው፣ የሕፃን ፀጉር በማደርቅበት ነው የማደርቀው። ሁለተኛው ካስክ ሥር ያለችው ደንበኛ ሽታው ሊገድለኝ ነው አለች። አልማዜ መስኮቱን ከፈተችላትና ብርድ ከሆነብሽ ደግሞ ነገ ነይ አለቻት። ራሷን ለመታጠብ የምትጠብቀውን ሌላዋንም ወደ ቤቷ ሸኘቻት። ሥራ ስትዘጋ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

አጠገቡ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አንድ እጇ ሳንቃው ላይ ነው። በየመሃሉ ካስኩን ቀና አድርጋ፣ ፀጉር ደረቀ አልደረቀ ብላ እንደምትነካው፣ በጣቷ ጫፍ ጅራቱን ትነካለች። ሙቀቱ ሲበዛ ታጠፋለች፣ ሲበርድ ታበራለች፣ አንዱ ጎን ሲበቃው ወደ ሌላው ታዞራለች። ለይገዙ እንኳ አላስነካችውም። ሀምዱ ጥግ ላይ ቆሞ ያያል። እኔ ብዙ የምጠይቀው ነገር ነበረኝ፣ አፌ ድረስ ደርሶ ነበር፣ ግን ዋጥ አደረግኩት።

ሄቨን ወደ አመሻሹ ገባች። በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። ሳንቃዋን አየች፣ ካስኩን አየች፣ እናቷን አየች።

“እማ” አለች፣ ሌላ ነገር ልትጨምር።

“ዝም በይ” አለቻት አልማዜ፣ ዞር ሳትል። “ገና ነው። የግራው ጫፍ አልደረቀም።”

ሄቨን እናቷ እግር ሥር መሬት ላይ ተቀመጠችና ራሷን በእናቲቱ ጉልበት ላይ አደረገች። ሁለቱም አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ፣ ይገዙ ሬዚኑ ነው ዓይኔን የቆጠቆጠኝ ብሎ ወጣ።

ሲደርቅ ሀምዱ አነሣና አስረከባት። ቀለም አልጨመረበትም፣ መያዣ አልሠራለትም፣ አንዲት ነገር አላከለበትም። እጆቹን ወደኋላ አጣምሮ ቆመ፣ መቆሙ ራሱ እንደከበደው ያስታውቃል። ሄቨን ሳንቃውን ገለበጠችው። ከላይ አየች፣ ከሥር አየች፣ ሁለቱን ጫፎች በሁለት አውራ ጣቷ ዳሰሰች፣ አንድ ነገር ፈለገች። ምንም አጣች። ያኔ ቀና ስትል ሀምዱ ሲጠብቃት የነበረችው ፈገግታ ፊቷ ላይ መጣች። ባሌ ያለ ምርቃት ሲያገኛት ለመጀመሪያ ጊዜው ነው፤ ሽበታም ሰውዬ እንደ ልጅ አፈረ።

ዓርብ ሄደች። ቅዳሜ ከሰዓት ፀጉር ቤቱ ውስጥ ተሰብስበን ስልኩን እንጠብቃለን። ቪዲዮው መጣ። ማዕበሉ እንዳለችው ትንሽ ነው፣ ወገብ የማይደርስ። አልማዜ ዓይኗን በእጇ ሸፍና አላይም አለች። ሄቨን ተነሥታ ቆመች፣ ሳንቃው ተንሳፈፈ፣ ወደ ግራ አጋደለች። ቆማለች፣ አልወደቀችም አልኩ። አልማዜ እጇን ከዓይኗ አነሣችና፣ እሷን አይደለም፣ ጅራቱን አሳዩኝ አለች። ሀምዱ ምስሉን በጣቱ አሰፋላት። አንደኛው ጫፍ ውሃው ውስጥ ገብቶ ነጭ መስመር ይሠራል። “ይዞላታል” አለች። በማግስቱ ሄቨን ቦታው እንደተሰጣት ደወለች።

መስከረም ሲጠባ የፀጉር ቤቱ በር ክረምቱን ውሃ ጠጥቶ አልዘጋ ስላለ አልማዜ ሀምዱን አስጠራችው። በሩን ነቅሎ ላገው፣ መልሶ ገጠመው። ከዚያ እንደ ልማዱ ዓይኑ ቤቱን መዞር ጀመረ። ካስኩ ጠርዝ ላይ ያን ቀን የተንጠባጠበ ሬዚን ደርቆ ቀርቷል፣ የእንባ ጠብታ የሚያህል፣ ቢጫ። መሮውን አወጣና ሊያነሣው ጠጋ አለ።

“ጋሽ ሀምዱ” አለች አልማዜ ከመስታወቱ ፊት። “የጠራሁዎት ለበሩ ነው። እሱን አይንኩት።”

ሀምዱ መሮውን ወደ ሳጥኑ መለሰና በሩን ከፍቶ ዘግቶ ሞከረው።